ደም ግፊታችንን ቤት ውስጥ እንዴት በትክክል እንለካ (ከለካን በኋላስ?)

እዚህ ደሴ አንድ ሰው ድንገት ስትሮክ መታው ሲባል ለጥየቃ የሄደው ሰው ሁሉ የሚለው ነገር አንድ ነው፣ «ኧረ ትላንት ፒያሳ ቆመን ስናወራ ምንም አልነበረም እኮ!» እውነት ነው ምንም አይመስልም ነበር፣ ችግሩም እሱ ነው። ደም ብዛት የምንለው ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ምንም ምልክት የለውም፣ ራሴን አላመመኝም ስለዚህ የለብኝም ማለት አይሰራም፣ ለአመታት ዝም ብሎ ልብን እያደከመ ደም ስርን እያበላሸ ኩላሊትንም እየጎዳ ይቆይና አንድ ቀን ሃርት አታክ ወይ ስትሮክ ሆኖ ይመጣል። ማወቂያው መለካት ብቻ ነው፣ እሱንም በደምቡ ካልለኩት ያሳስታል።

1. ማሽኑ
ክንድ ላይ የሚታሰረውን ዲጂታል ግዙ፣ የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረው በቀላሉ ይሳሳታል። የሚጠቀለለው ጨርቅ ክንዳችሁን በደምብ መዞር አለበት፣ ወፈር ላለ ሰው ጠባብ ጨርቅ ከሆነ ግፊቱን ካለበት በላይ ያሳያል። ገዝታችሁ ስትጨርሱ ጤና ጣቢያ ይዛችሁት ሂዱና ከነሱ ጋር አስተያዩት። መግዛት ካልቻላችሁ ጤና ጣቢያ እየሄዳችሁ ተለኩ፣ ዋናው መለካቱ ነው።

2. ከመለካታችሁ በፊት
ግማሽ ሰአት ቡና የለም ሲጋራ የለም። ጫት የቃማችሁ ቀን የሚወጣው ቁጥር ከፍ ሊል ይችላል ምክንያቱም ጫት ራሱ ግፊትና የልብ ምት ይጨምራል። ሽንት ቤት ግቡ፣ የተያዘ ሽንት ግፊት ከፍ ያደርጋል። የኛ ከተማ ደግሞ ዳገት ነው፣ ከገበያ ዘንቢል ተሸክሞ ሽቅብ የወጣ ሰው እያለከለከ ወዲያው ቢለካ ምን ሊወጣ እንደሚችል አስቡት፣ መጀመሪያ 5 ደቂቃ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ።

3. አቀማመጥ
በርጩማ ላይ አይሆንም፣ ጀርባ መደገፊያ ያለው ወንበር ይሁን። እግር መሬት ይርገጥ፣ አይነባበር። ክንዳችሁ ጠረጴዛ ወይ ትራስ ላይ በልብ ከፍታ ይረፍ፣ ተንጠልጥሎ ከተለካ ከፍ አድርጎ ያነባል። ጨርቁ በሹራብ ላይ ሳይሆን በባዶ ክንድ ከክርን መታጠፊያው ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ይታሰር። ወሬ ደግሞ የለም! እናቴ ቡና አቅርባ ከጎረቤት ጋር እያወራች ስለካት የላይኛው ቁጥር 156 አለ፣ ቤቱ ሁሉ ደነገጠ፣ ቆይቼ ዝም ብላ ተቀምጣ ስለካት 138 ሆነ። ያው ሰው ያው ማሽን ነው።

4. መመዝገብ
ጠዋት መድሀኒት ከመውሰዳችሁ በፊትና ማታ፣ በየጊዜው የአንድ ደቂቃ ልዩነት ሰጥታችሁ ሁለት ሁለት ጊዜ ለኩ፣ ለ7 ቀን። የላይኛውንም የታችኛውንም ቁጥር ጻፉ፣ የመጀመሪያውን ቀን ጣሉትና የሌላውን አማካይ ውሰዱ። ቤት ውስጥ አማካዩ 135/85 ወይ ከዛ በላይ ከሆነ (ጤና ተቋም ሲለካ 140/90) ደብተሩን ይዛችሁ ሀኪም ጋ ሂዱ። በአንድ ልኬት ብቻ አለብኝም የለብኝም አይባልም።

5. ከዛስ
ጨው ላይ ረጋ ብለን እናውራ። የአለም ጤና ድርጅት የሚለው ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ማለት ነው፣ የምንበላው ሁሉ ተደምሮ። እኛ ጋ በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል፣ ሽሮውም እንደዛው፣ ወጡ ሲሰራ ደግሞ እንደገና ይጨመራል፣ ቡናም በጨው የሚጠጣ አለ። ባልትና ስታስፈጩ ያለ ጨው አስፈጩት፣ ከዛ ድስቱ ላይ ስንት እንደገባ በአይናችሁ ታያላችሁ። ለልጆቹም ነው የሚጠቅመው እንጂ ለታማሚው ብቻ አይደለም።

እግር ጉዞ በሳምንት 150 ደቂቃ፣ ሲጋራ ማቆም፣ ጫትና መጠጥ መቀነስ ቢቻል ደግሞ መተው፣ ይሄን ሁሉም ሰው ያውቀዋል።

መድሀኒት ግን እባካችሁ! ግፊቱ ወረደ ተብሎ አይቆምም፣ የወረደው በመድሀኒቱ ነው። አምሎዲፒን እግር ካሳበጠ ወይ ኢናላፕሪል ደረቅ ሳል ካመጣ ሀኪሙ ሌላ ይቀይርላችኋል፣ ዝም ብላችሁ አታቋርጡ፣ ጎረቤት የሚውጠውንም አትዋሱ። ረመዳን ሲደርስም ሆነ በሌላ ጾም የመዋጫ ሰአቱን ቀደም ብላችሁ ከሀኪም ጋር አስተካክሉ።

180/120 እና ከዛ በላይ ካያችሁ ትንሽ አርፋችሁ ድገሙት፣ ካልወረደ በዛው ቀን ሀኪም ጋ ሂዱ። ደረት ላይ ጭንቅ አድርጎ የሚይዝ፣ ወደ ግራ ክንድ ወይ መንጋጋ የሚሄድ ህመም፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ ትንፋሽ ማጠር፣ የፊት መጣመም፣ የአንድ ጎን እጅ መዛል፣ የንግግር መኮላተፍ ከመጣ ግን ማሽን ፍለጋ አትግቡ፣ ነጭ ሽንኩርት ይብላ ሎሚ ይጠጣ እያላችሁም ሰአት አታጥፉ፣ አምቡላንስ ከዘገየ በባጃጅም ቢሆን ቀጥታ ሆስፒታል ውሰዱት፣ የጀመረበትን ሰአት ያዙ፣ ሀኪሞቹ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።