የቀጣዩን አሰልጣኝ ስም ስንጠራ የምንሠራቸው ስህተቶች

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ኳስ የምናይበት አንድ ዲኤስቲቪ ቤት አለ። ጨዋታ ባይኖርም ክርክር አይጠፋበትም። የጣና ሞገዶቹ፣ ማለትም የባሕር ዳር ከተማ ክለብ፣ ከአሰልጣኛቸው ተለያዩ ከተባለ ደግሞ የታዘዘው ሻይ ሁሉ ይቀዘቅዛል። አንዱ ስም ይጠራል፣ ሌላው ያጣጥላል። አንድ ማታ እንዲህ ስንጯጯህ ሁለት ሰዓት አለፈ። ጥግ ላይ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ተቀምጠው ዝም ብለው ይሰሙናል። ሁላችንም ቲቸር ነው የምንላቸው። በመጨረሻ «እናንተ ልጆች፣ አሁን የግራ መስመር ተከላካያችን ማነው? እሱ ቢጎዳስ ማን ይገባል?» አሉ። ለመጀመሪያው ጥያቄ ሁለት ሰው መለሰ። ለሁለተኛው የመለሰ የለም። አምስት አሰልጣኝ ግን መርጠን ጨርሰን ነበር።

ከዚያ ማታ ወዲህ የራሴንም የጓደኞቼንም ክርክር ልብ ብዬ መስማት ጀመርኩ። ባሕር ዳር ከተማን እወደዋለሁ። የአሰልጣኝ ምርጫ የአንድ ክለብ የሁለትና የሦስት ዓመት ዕጣ ነው። የደጋፊ ጩኸት ደግሞ ክለብ ቤት ይሰማል። ጩኸታችን የት የት እንደሚሳሳት ላንሳ።

ከቡድኑ በፊት ስም መጥራት

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ሌሎቹም አብዛኞቹ ከዚህ ነው የሚወለዱት። «ማን ይምጣ?» ብለን እንጀምራለን። መቅደም የነበረበት «ምን አለን? ምንስ ጎደለን?» የሚለው ነው። የጮቄ ገብስ ዓባይ በረሃ ቢዘሩት አይበቅልም። ዘሩ መጥፎ ስለሆነ አይደለም፣ አፈሩና አየሩ የእሱ ስላልሆነ ነው። አሰልጣኝም እንደዚያ ነው።

እኔ የሊቨርፑል ደጋፊ ነኝ። አሰልጣኛችን ክሎፕ እንደሚለቅ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ሲነገር ከዣቢ አሎንሶ ሌላ ስም መስማት አልፈለግኩም። በክለባችን የተጫወተ፣ ሌቨርኩሰንን ይዞ ጀርመንን ያስደነቀ ሰው ነው። አሎንሶ እዚያው እቆያለሁ አለ። ከሆላንድ አርነ ስሎት መጣ። ያን ጊዜ በጣም ከፋኝ። በመጀመሪያው ዓመት አራት ጨዋታ እየቀረው ሊጉን አሸነፈ። ያንን ያደረገው ክሎፕ በሠራው ቡድን ነው። በዚያ ክረምት ቡድኑን የተቀላቀለ አዲስ ተጫዋች ኪዬዛ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። ክለቡ የፈለገው ያለውን ቡድን ሳያፈርስ የሚያስኬድ ሰው ነበር። እኛ ደጋፊዎቹ ስም ስንፈልግ እነሱ ልክ የሚሆን ሰው ፈለጉ።

በዚያው የውድድር ዓመት ማንችስተር ዩናይትድ ሩበን አሞሪምን አመጣ። የፖርቱጋሉን ስፖርቲንግን ሻምፒዮን ያደረገ ጎበዝ አሰልጣኝ ነው፣ ማንም አይክደውም። አጨዋወቱ ግን ሦስት የመሃል ተከላካይ እና ሜዳውን ሙሉ የሚመላለሱ የመስመር ተጫዋቾች ይፈልጋል። ያገኘው ቡድን ለሌላ አጨዋወት የተሰበሰበ ነበር። ዩናይትድ 15ኛ ሆኖ ጨረሰ። የአሞሪም ችሎታ በአንድ ዓመት አልጠፋም። ገብሱ በረሃ ወርዶ ነው።

ወደ እኛ ስንመለስ ጥያቄዎቹ እነዚህ ናቸው። አማካዮቻችን ኳስ መያዝ ይችላሉ ወይስ በመልሶ ማጥቃት ነው የምንጠቀመው? ውላቸው የሚያልቀው እነማን ናቸው? ከወጣት ቡድኑ ለማደግ የደረሰ አለ? ይህንን ሳይመልሱ ስም መጥራት ጫማ ቤት ገብቶ ቁጥር ሳይናገሩ ጫማ እንደማዘዝ ነው። ቲቸር በሳምንቱ የቡድኑን ዝርዝር በእጃቸው ጽፈው አመጡልን። ዲኤስቲቪ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጠፍነው። የክርክሩ መልክ ሲለወጥ በዓይኔ አይቻለሁ።

ዋንጫውን ብቻ መቁጠር

«ስንት ዋንጫ አለው?» ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ብቻውን ግን ያሳስታል። ዋንጫው በምን ቡድን፣ በምን ገንዘብ፣ ከየት ተነስቶ እንደመጣ ካልተጠየቀ ትርጉም የለውም። አሰልጣኝ ገብረመድህን ኃይሌን እንይ። በ2010 ዓ.ም. ጅማ አባ ጅፋርን ሻምፒዮን አደረጉ። ጅማ ያን ዓመት ገና ከታችኛው ሊግ ያደገ ቡድን ነበር። በቀጣዩ ዓመት፣ በ2011፣ መቀለ 70 እንደርታን ይዘው ደገሙት። በ2017 ደግሞ ኢትዮጵያ መድንን። ይህ ለእኔ በአንድ ሀብታም ክለብ ከተሰበሰቡ ሦስት ዋንጫዎች በላይ ይነግረኛል። ቡድኑ ሲለዋወጥ ሰውየው ሥራውን ይዞ ይዞራል ማለት ነው።

የተገላቢጦሹም አለ። ክላውዲዮ ራኒየሪ የግሪክን ብሔራዊ ቡድን ይዞ በገዛ ሜዳው በፋሮ ደሴቶች ተሸነፈና እ.ኤ.አ. በኅዳር 2014 ተባረረ። በቀጣዩ ክረምት ሌስተር ሲቀጥረው ብዙ ሰው ራሱን ያዘ። ሌስተር እ.ኤ.አ. በ2016 የእንግሊዝ ሻምፒዮን ሆነ። የመጨረሻ ሥራውን ብቻ ያየ ሰው ራኒየሪን በር ላይ ይመልሰው ነበር።

የራሳችንም ታሪክ ይሄን ይናገራል። በ2014 ዓ.ም. ባሕር ዳር ከተማን የያዙት አሰልጣኝ አብርሃም መብራቱ ነበሩ። የመንን ለእስያ ዋንጫ ያበቁ፣ ብሔራዊ ቡድናችንን የመሩ ትልቅ ስም ናቸው። ከእሳቸው ቀጥሎ ደግአረገ ይግዛው ሲመጡ በስማቸው ብዛት የተደሰተ ደጋፊ አልነበረም። በ2015 ቡድኑ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቀጥሎ 2ኛ ሆኖ ጨረሰ፣ ለአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫም በቃ። አብርሃም ደካማ ናቸው ማለቴ በፍጹም አይደለም። ስም ብቻውን ደረጃ እንደማይሰጥ ለማሳየት ነው።

የውድድሩን መልክ መርሳት

ይሄኛውን ማንም ሲያነሳው አልሰማም። ለእኔ ግን ከዋነኞቹ አንዱ ነው።

የአውሮፓን ኳስ እያየን ስለምንከራከር የራሳችንን ሊግ በእነሱ መልክ እንስለዋለን። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ባሉት ዓመታት ክለቦቻችን በተመረጡ ከተሞች እየተሰባሰቡ ነው ሲጫወቱ የቆዩት። አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ፣ አዳማ። ተጫዋቹ ሳምንታትን፣ አንዳንዴም ወራትን ሆቴል ይኖራል። ሚስቱንና ልጆቹን በስልክ ነው የሚያገኛቸው። ጨዋታው በቀናት ልዩነት ይመጣል። በሜዳህ የሚጮህልህ የከተማህ ሰው የለም። ከባሕር ዳር ወይና ደጋ እስከ ድሬዳዋ ንዳድ አየሩም ይለያያል።

እንዲህ ባለ ውድድር አሰልጣኙ ከታክቲክ በላይ ሌላ ሥራ አለበት። ሆቴል ውስጥ የተሰላቸ ቡድን ያጣላል፣ ያኳርፋል። ደመወዝ የዘገየ እንደሆነ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው። 20 ተጫዋች እየቀያየረ ካላጫወተ በስድስተኛው ሳምንት እግር ይዝላል። ስለዚህ ስለ ዕጩው መጠየቅ ያለብን እንዲህ ነው፦ ከዚህ በፊት በያዛቸው ቡድኖች ከሁለተኛው ከተማ በኋላ ውጤቱ ምን ሆነ? ተቀያሪዎቹን ይጠቀማል? የተጎዳበት ተጫዋች ይበዛል? ይህ ሁሉ የጨዋታ መረጃ ላይ አለ። ጨዋታዎቹም ከ2013 ጀምሮ በቴሌቪዥን ተላልፈዋል። የሚመለከት ሰው ብቻ ነው የጠፋው።

ከጥቂት ጨዋታ ተነስቶ መፍረድ

ጊዜያዊ አሰልጣኝ አራት ጨዋታ ካሸነፈ «ይጽደቅለት!» እንላለን። ሶልሻየር በዩናይትድ ያንን ነበር የሆነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018 በጊዜያዊነት ገባ፣ ድል በድል ሆነ፣ ፒኤስጂን ፓሪስ ላይ ጥሎ አለፈ። በመጋቢት ቋሚ ተደረገ። ያን ዓመት ቡድኑ 6ኛ ሆኖ ጨረሰ፤ እሱም በ2021 ያለ ዋንጫ ተሰናበተ።

ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤት ደግሞ ተቃራኒው ሆነ። በ2014 ዓ.ም. ሰርቢያዊው ክርምፖቲች ሲሄዱ ምክትላቸው ዘሪሁን ሸንገታ ተረከቡ። በ2014ም በ2015ም ሻምፒዮን ሆኑ። ሁለቱም በጊዜያዊነት ጀመሩ፣ መጨረሻቸው ተለያየ። ስለዚህ አራት ድል አያስፎክርም፣ አራት ሽንፈትም አያሰድብም። መታየት ያለበት ያሸነፈው እንዴት እንደሆነ ነው። ቡድኑ ቀድሞ የማይሠራውን አሁን ይሠራል? ወይስ ተጫዋቾቹ የቀድሞው ስለሄደ ብቻ ነው የተነቃቁት?

ተጫዋችነትን ከአሰልጣኝነት ማምታታት

«እሱ እኮ ራሱ ኳስ ተጫዋች ነበር!» ይባላል። አሪጎ ሳኪ ጫማ ሻጭ ነበር፣ በትልቅ ደረጃ ተጫውቶ አያውቅም። ሚላንን ሲይዝ ጋዜጠኞች ይህንኑ አነሱበት። ጥሩ ፈረሰኛ ለመሆን መጀመሪያ ፈረስ መሆን እንደሚያስፈልግ አላውቅም ነበር ብሎ መለሰላቸው። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1989 እና በ1990 የአውሮፓን ዋንጫ ወሰደ። ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞችን ያየ ሰው ይህ ንግግር ወዲያው ይገባዋል።

«ፈረንጅ ይምጣ» እና «የእኛ ልጅ ይሁን»

ሁለቱ ተቃራኒ ይመስላሉ፣ አንድ ስህተት ናቸው። ሁለቱም ሥራን ትተው የትውልድ ቦታን ይጠይቃሉ። ኢትዮጵያን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የመለሷት ሰውነት ቢሻው ናቸው። እሳቸው ከተሰናበቱ በኋላ በፖርቱጋላዊ ተተኩ። የፖርቱጋላዊው ጊዜ በአጭሩ ተቀጨ።

«የእኛ ልጅ» የሚለው ግን ከዚያም ይከፋል። እኛ ቤትም አንዳንድ ማታ ዕጩው የየት አገር ሰው እንደሆነ፣ የማን ዘር እንደሆነ ሲጠየቅ ሰምቻለሁ። ይህንን ስሰማ ያመኛል። ከጎጃም ወጥቶ ሌላ ክለብ የሚያሠለጥን ልጃችን በዚያ ክለብ ደጋፊ ይህ ጥያቄ ቢነሳበት ምን እንላለን? እዚህ ላይ ዝም ማለትም ስህተት ነው። የጠየቀውን ሰው በአክብሮት ግን በግልጽ ማስቆም አለብን።

ወሬን ማስረጃ ማድረግ

አያቶቻችን በላ ልበልሃ ሲሟገቱ ዋስ ይጠሩ ነበር፣ ምስክር ይቆጥሩ ነበር። ጎጃም በሙግቱ የታወቀ አገር ነው። ዛሬ ግን አንድ የቴሌግራም ጽሑፍ ለአንድ ሰው ስም መጥፋት ይበቃል። እኔም አድርጌዋለሁ። ስለ አንድ ዕጩ «ከተጫዋቾቹ ጋር ተደባድቦ ነው የወጣው» የሚል ነገር አነበብኩና ለሳምንት ያህል ላገኘሁት ሁሉ ነገርኩ። በኋላ በዚያ ቡድን የነበረ ተጫዋች ከተማችን ሲመጣ ጠየቅኩት። ጠብ የሚባል ነገር አልነበረም። ውሉ አልቆ ነው የለቀቀው። የሰማኝን ሁሉ አግኝቼ ማስተካከል አልቻልኩም፤ እስካሁን ይቆጨኛል። አሁን አንድ ነገር ሳነብ የተናገረው ማነው፣ መቼ፣ የት ብዬ እጠይቃለሁ። መልስ ካጣሁ ለሌላ ሰው አላሳልፈውም።

የማይገኝ ሰው ላይ ጊዜ ማጥፋት

አጭር ነው። ሰውየው ሌላ ቦታ ውል አለበት? ደመወዙን ክለባችን ይችለዋል? አብዛኞቹ ክለቦቻችን በከተማ አስተዳደርና በመንግሥት ድርጅት በጀት ነው የሚተዳደሩት፣ ልክ አላቸው። ላይሰንሱስ፣ የአሰልጣኝነት ፈቃዱስ? የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) በአህጉራዊ ውድድር ዋና አሰልጣኙ ኤ ላይሰንስ ወይም ተመጣጣኙን እንዲይዝ ይጠይቃል። ለአፍሪካ ውድድር የሚያልም ደጋፊ ይህንን ከሁሉ በፊት ማጣራት አለበት።

ከቅጥሩ በኋላም መሟገት

የደገፍነው ሰው ሳይመጣ ሲቀር የመጣውን እንደ ባላጋራ እናየዋለን። በሦስተኛው ጨዋታ ነጥብ ሲጥል «ብያችሁ ነበር!» ለማለት አፋችን ይቸኩላል። ቡድኑ ሲሸነፍ የሚደሰት ደጋፊ እንዳይሆን ነው የምፈራው።

አርቴታ አርሰናልን ሲይዝ ዋና አሰልጣኝ ሆኖ አያውቅም ነበር። ሁለት ጊዜ ተከታትሎ 8ኛ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2020 ገና ላይ ቡድኑ 15ኛ ነበር። እዚሁ ዲኤስቲቪ ቤት የአርሰናል ደጋፊዎች ይውጣልን ሲሉ ትዝ ይለኛል። ክለቡ ታገሠ፣ ከ2023 ጀምሮ ሦስት ዓመት በተከታታይ 2ኛ ሆነ። እርግጥ ነው፣ ትዕግሥት ሁሉ ፍሬ አያፈራም፤ መባረር ያለበትም አሰልጣኝ አለ። እኔ ለራሴ ያስቀመጥኩት ልክ የመጀመሪያው ዙር ነው። እስከዚያ ድረስ ውጤቱን ትቼ ቡድኑ ምን እንደተማረ ወረቀት ላይ እጽፋለሁ። ዙሩ ሲያልቅ ወረቀቱን ይዤ ቲቸር አጠገብ እቀመጣለሁ።