ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንት ራሳቸውን መንከባከብ ሲተዉ ምን እንይ፣ ምን እናድርግ?

በስልክ «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» መባሉ ብዙም አይነግርም። የማስታወስ ችሎታ ሲዳከም የሰላምታ ወግ ብዙ ጊዜ ሳይነካ ይቆያል። ሄደው ይዩ፤ ውጭ አገር ከሆኑ የቅርብ ዘመድ ይላኩ።

ከክኒኑ ይጀምሩ። በቀን አንድ የሚዋጥ 30 ክኒን ወር በገባ በ1 ከተጀመረ፣ በ20ኛው ቀን ማታ 10 መቅረት አለበት። 22 ከቀረ እየዘለሉ ነው። 2 ከቀረ መዋጣቸውን እየረሱ ደግመው ይውጣሉ፤ ይሄኛው ይብሳል። ለስኳር ግሊቤንክላማይድ የሚወስዱ ሰው ምግብ ሳይቀምሱ ከዋጡ ስኳራቸው ይወርዳል፤ ያልባቸዋል፣ ይንቀጠቀጣሉ፣ ይቀባዥራሉ። ቤተሰብ «አረጁ» ብሎ ያልፈዋል። የደም ስኳር ልኬቱ ከ70 (ሚ.ግ/ዴ.ሊ) በታች ከሆነና መዋጥ ከቻሉ ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ ሰጥቶ ወደ ሕክምና መውሰድ ነው፤ ራሳቸውን ከሳቱ ግን በአፍ ምንም አይስጡ። ጾም ከመግባቱ በፊት የመድኃኒቱን መጠንና ሰዓት ሐኪም ያስተካክልላቸው።

ከዚያ መሶቡን ይክፈቱ፤ የሻገተ እንጀራ አለ? ያረረ ድስት፣ ተደጋግሞ የተገዛ ስኳር፣ ያልተከፈለ የእድር መዋጮስ? ቀሚሱ ወገባቸው ላይ ከሰፋ ይመዝኗቸው።

የማስታወስ ችሎታን ለማየት የሰዓት ሥዕል አስሎ መፈተን ፊደል ላልቆጠሩ አዛውንት ፍርደ ገምድል ነው። ዕድሜ ልካቸውን የያዙትን ይጠይቁ። 12 ሚካኤል፣ 21 ማርያም እያሉ ወሩን ሲቆጥሩ የኖሩ እናት ቀኑ ከተምታታባቸው፣ ወይም ሰላት የማያጓድሉ አባት የስግደቱ ቁጥር (ረከዓው) ከጠፋባቸው፣ ቀላል ነገር አይደለም።

ለውጡ መቼ እንደጀመረ ያጣሩ። በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ከመጣ የዚያኑ ቀን ሐኪም ቤት ይድረሱ፤ የሽንት ኢንፌክሽን፣ የሳንባ ምች ወይም የሰውነት ውሃ ማነስ ሊሆን ይችላል። ከሳምንታት በፊት ወድቀው ከነበረም ይንገሩ፤ ራስ ቅል ውስጥ ቀስ እያለ የሚጠራቀም ደም አለ። በወራት የመጣ ከሆነ የቢ12 (በተለይ ሜትፎርሚን ለቆዩበት)፣ የታይሮይድ፣ የድብርትና የመስማት ምርመራ ይጠይቁ። ያሉትን መድኃኒቶች ሁሉ በፌስታል ይዘው ይሂዱ፤ አሚትሪፕቲሊንና እንቅልፍ የሚያመጡ የጉንፋን ክኒኖች ያደናግራሉ። ጠበል የሚሄዱ ከሆነ መድኃኒቱም አብሮ ይሂድ።

ገላ መታጠብ ብዙውን ጭቅጭቅ ያስነሳል። እምቢታው ስንፍና አይደለም፤ ብርዱን፣ መውደቁንና መራቆቱን ይፈራሉ። እናትን ወንድ ልጅ ማጠብ የለበትም፤ ሴት ልጅ ወይም የሚያምኗት ጎረቤት ትግባ። መስኮቱን ይዝጉ፣ የማያንሸራትት ወንበር ያስቀምጡ፣ ውሃውን በክርንዎ ይለኩ። ትከሻቸውን በፎጣ እንደሸፈኑ ከእግራቸው ይጀምሩ፤ ራሳቸው ላይ ውሃ በድንገት አይፍሰስ። «ይሸታል» ከማለት «ነገ እሑድ ነው፣ ቤተ ክርስቲያን እንሄዳለን» ማለት ይሻላል። ካልሆነ ይተዉት፤ በማግስቱ ይሞክሩ።

ከሰል ግን ለነገ አይባልም። በተዘጋ ክፍል የሚነድ ከሰል ይገድላል፤ የረሳ ሰው ደግሞ በር መክፈቱንም ይረሳል። ምድጃውን ዛሬውኑ ያውጡ፤ ቡናው ሰው ባለበት ይፈላ።

ቤቱን በአንድ ቀን አራግፎ ማጽዳት ደግሞ ያስደነግጣቸዋል፣ ዕቃዬን ሰረቁኝ ያሰኛል። የበሰበሰውን ምግብና መንገድ የዘጋውን ብቻ አንሱ። በር ቆልፎባቸው መውጣት አይሞከር፤ እሳት ቢነሳ መውጫ የላቸውም። ትርፍ ቁልፍ ቡና ለምታጣጣቸው ጎረቤት ይስጡ፤ ከጠዋቱ ቡና የቀሩ ዕለት ሳትውል ሳታድር ታንኳኳ።