በዋይፋይ ይሠራል፣ በኬብል ግን እምቢ ይላል

ላፕቶፓችሁ በኬብል ኢንተርኔት አልሰጥ ካለ ለማንም ከመደወላችሁ በፊት የት ጋ እንደተቋረጠ ለዩ። ላፕቶፑ ነው? ኬብሉ ነው? ራውተሩ ነው? ወይስ ከውጭ የሚገባው መስመር? ይህን ሳይለዩ መነካካት ደህናውን ጭምር ማበላሸት ነው።

መለያው ቀላል ነው። የስልካችሁን ዳታ አጥፉና በዚያው ራውተር ዋይፋይ ግቡ። ስልኩም ካልሠራ ላፕቶፑን ተዉት፤ ችግሩ ራውተሩ ወይም መስመሩ ላይ ነው። ስልኩ ከሠራ ግን ጥፋቱ ከራውተሩ ቀዳዳ እስከ ላፕቶፑ ድረስ ባለው መንገድ ላይ ነው። ብዙ ሰው ግራ የሚጋባው እዚህ ላይ ስለሆነ እኔም እዚሁ ላይ ልቆይ።

ከኬብሉ ጀምሩ። ጫፉ ሲሰካ ቀጭ ማለት አለበት። ያቺ ትንሽ የፕላስቲክ ምላስ ከተሰበረች ኬብሉ የተሰካ ይመስላል እንጂ ላፕቶፑ በተነቃነቀ ቁጥር ይላቀቃል። ከዚያ ራውተሩ ላይ የሰካችሁበትን ቀዳዳ መብራት እዩ። ካልበራ ሌላ ቀዳዳ ሞክሩ፤ እሱም ካልሆነ ከጎረቤት አጭር ኬብል ተዋሱና ላፕቶፑን ራውተሩ አጠገብ ወስዳችሁ ሰኩት። በተዋሳችሁት ከሠራ ነገሩ አለቀ፣ ጥፋተኛው የእናንተ ኬብል ነው።

አራት ኪሎም ሆነ ልደታ ዙሪያ በጋራ ግቢ ተከራይታችሁ የምትኖሩ ከሆነ ኬብሉን የበለጠ ጠርጥሩት። ከአከራይ ሳሎን ተነስቶ፣ በመስኮት ወጥቶ፣ በቆርቆሮው ጠርዝ ዞሮ፣ በእናንተ በር ስር ሾልኮ የሚገባ ኬብል ስንት ነገር ያገኘዋል! በሩ ይጨፈልቀዋል፣ ፀሐይ ልባሱን ትሰነጥቀዋለች፣ ክረምት ሲገባ ውሃ ይሰርግበታል፣ አይጥም አይምረውም። ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጃችሁ እየዳሰሳችሁ ተከተሉት። መሃል ላይ ተጠማዞ በፕላስተር የተቀጠለ ቦታ ካገኛችሁ መላ አትፈልጉለት፣ ሙሉውን ቀይሩት። ውስጡ 8 ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ። ለ100 ሜጋ ቢት ፍጥነት 4ቱ ይበቃሉ፣ ለጊጋ ቢት ግን 8ቱም ያስፈልጋሉ፤ ስለዚህ ኬብሉ ስለሠራ ብቻ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። ርዝመቱም ከ100 ሜትር መብለጥ የለበትም። የተበላሸው ጫፉ ብቻ ከሆነ ኮምፒውተር የሚጠግኑ ልጆች በክሪምፐር አዲስ ራስ ያስሩላችኋል። ቴስተር ላይ ሰክተው 8ቱም መብራቶች በተራ ሲበሩ ሳታዩ ግን ከሱቁ አትውጡ።

ኬብሉ ደህና ከሆነ ወደ ላፕቶፑ እንለፍ። ዊንዶውስ ከሆነ ሴቲንግስ ውስጥ ገብታችሁ ኔትወርክ የሚለውን፣ ከዚያ ኢተርኔት የሚለውን ክፈቱ። ጭራሽ ኢተርኔት የሚባል ነገር ከሌለ ወይ ድራይቨሩ (ላፕቶፑን ከኬብል ቀዳዳው ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) ጠፍቷል፣ ወይ የኬብል ቀዳዳ ለሌለው ላፕቶፕ በዩኤስቢ የሚሰካው አስማሚ አልተነበበም፤ አስማሚውን ሌላ ቀዳዳ ላይ ሞክሩት፣ ድራይቨሩን ደግሞ በዋይፋይ ከላፕቶፑ አምራች ድረ ገጽ አውርዱ። ኢተርኔት ካለ የአይፒ ቁጥሩን፣ ማለትም ላፕቶፑ በኔትወርኩ ውስጥ የሚታወቅበትን አድራሻ እዩ። በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ላፕቶፑ ከራውተሩ አድራሻ አልተሰጠውም ማለት ነው። ኬብሉን ንቀሉ፣ ራውተሩን አጥፍታችሁ ጥቂት ቆይታችሁ አብሩት፣ መልሳችሁ ሰኩት።

የቢሮ ላፕቶፕ ቤት ለምታመጡ ደግሞ አንድ ነገር አለ። መሥሪያ ቤት የአይቲ ሰው ለኬብሉ ቋሚ አይፒ ሞልቶላችሁ ሊሆን ይችላል። ያ ቁጥር ለቢሮው ኔትወርክ እንጂ ለቤታችሁ ራውተር አይሆንም። የዋይፋዩና የኬብሉ አይፒ ለየብቻ ስለሚሞላ ነው በዋይፋይ ሠርቶ በኬብል እምቢ የሚለው። እዚያው ኢተርኔት ውስጥ የአይፒ አሰጣጡን ወደ አውቶማቲክ መልሱት። የድሮውን ቁጥር ግን መጀመሪያ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፣ ሰኞ ቢሮ ስትገቡ ትፈልጉታላችሁ።

አይፒው ትክክል ሆኖ ድረ ገጽ ብቻ አልከፍት ካለስ? ኮማንድ ፕሮምፕት (ትዕዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) ከፍታችሁ ping 8.8.8.8 ብላችሁ ጻፉ፤ ቁጥሩ የጉግል አድራሻ ነው፣ ትዕዛዙም መልስ ይመጣ እንደሆነ ይሞክራል። መልስ ከመጣ ኢንተርኔቱ አለ፣ የታመመው ስም ወደ ቁጥር የሚቀይረው ዲኤንኤስ ነው፤ እሱንም አውቶማቲክ አድርጉት፣ እምቢ ካለ 8.8.8.8 ብላችሁ ሙሉት። የላፕቶፑን ቀንም እዩ። ባትሪው ሞቶ ቀኑ ወደ ኋላ ከተመለሰ፣ ወይም አንድ ሰው ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር ሞልቶት ከሆነ፣ ብሮውዘሩ ድረ ገጾቹን ሁሉ አላምንም እያለ ይዘጋባችኋል። ይቺን ስንቱ ሰው ሳያያት ላፕቶፑን ፎርማት አስደርጓል!

ስልኩም ላፕቶፑም ካልሠሩ ራውተሩ ጋ ተመለሱ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ኃይሉ ከፍና ዝቅ ስለሚል፣ ሲጠፋ ንቀሉትና መብራቱ ሲረጋ ሰኩት። ፋይበር ከሆነ ኤልኦኤስ (LOS) የሚለው ቀይ መብራት ከበራ በመስመሩ የሚመጣው ብርሃን ሳጥኑ ጋ አልደረሰም ማለት ነው። ቀጭኗ የፋይበር ገመድ ተጣጥፋ ወይም ዕቃ ተጭኗት እንደሆነ እዩ፣ ጫፏን ግን ነቅላችሁ በዓይናችሁ አትመልከቱ። እሷ ደህና ከሆነች ቤት ውስጥ የምትሠሩት የለም። የኢትዮ ቴሌኮም መስመር ከሆነ 994 ደውሉ። የአገልግሎት ቁጥራችሁን አጠገባችሁ ያዙ፣ የትኛው መብራት ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ ሁለት ዕቃ ላይ እንደሞከራችሁ ንገሯቸው።