ሩቅ ላሉ አገልጋዮች ስንጸልይ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሐሙስ ማታ። አሥር የምንሆን ሰዎች ጋምቤላ ክልል፣ ኑዌሮች መሃል ለሚያገለግል አንድ ወንጌላዊና ለቤተሰቡ እንጸልያለን። ሦስት ዓመት ሆነን። በዚህ መሃል ያልሠራነው ስህተት የለም ማለት ይቻላል። እናንተ እንዳትደግሙት ልንገራችሁ።

በጅምላ መጸለይ

«ጌታ ሆይ፣ በየስፍራው ያሉትን አገልጋዮችህን ባርክ።» አሜን፤ ቡና ቀረበ። ዓመት ሙሉ እንዲህ ነበርን። ጳውሎስ እኮ እስር ላይ ሆኖ ለቆላስይስ ሰዎች ሲጽፍ ምን ብለው እንደሚጸልዩለት ለይቶ ነው የነገራቸው፤ የቃሉ በር እንዲከፈትለት። አሁን ደብተር ይዘናል። «የኑዌር ቋንቋ ትምህርት»፣ «የሞተር ሳይክሉ ጎማ» ብለን እንጽፋለን። እቴቴ መጀመሪያ «ለጎማም ይጸለያል እንዴ?» ብለው ሳቁ። በሳምንቱ ገና ሳይቀመጡ «ጎማውስ?» ያሉት ግን እሳቸው ናቸው።

«ደህና ናችሁ?» ብሎ መዝጋት

እስካሁን የሚቆጨኝ ይሄ ነው። አንድ ኅዳር ላይ ደወልን። ስልኩን ስፒከር ላይ አድርገን ረከቦቱ አጠገብ አስቀመጥነው። ኔትወርኩ ይቆራረጣል። «ደህና ናችሁ?» «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን።» ደስ ብሎን ዘጋን። ቆይቶ ከባለቤቱ እንደሰማነው፣ ያን ቀን ትንሿ ልጃቸው በወባ ተኝታ ነበር።

አበሻ ታሞም ቢጠየቅ «ደህና ነኝ» ነው የሚለው። ስለዚህ ዘርዝራችሁ ጠይቁ። ልጆቹ ሌሊት ተኙ? ቤት ውስጥ መድኃኒት አለ? ባለቤቱን ደግሞ እህቶች ለብቻዋ ይደውሉላት፤ እሱ ፊት የማትናገረው ብዙ ነው። ወባ ዝናቡ ሲያበቃ፣ ከመስከረም ጀምሮ ይበረታል። እኛም አሁን አጎበር የምንልከው ነሐሴ ላይ ነው።

ሳይጠይቁ መላክ

በመጀመሪያው ክረምት ጋቢና ሹራብ ሰብስበን፣ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ በአውቶቡስ ላክን። ኮዬ ነሐሴ ላይ ብርዱ ያንሰፈስፋላ! ጋምቤላ ግን የካቲትና መጋቢት ላይ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ይጠጋል። ወንድማችን አመስግኖ ተቀበለ። ጋቢውን መሬት አንጥፈው እንደሚቀመጡበት ያወቅነው በፎቶ ነው። ጳውሎስም በርኖስ ተልኮለት ይሆናል ትሉ ይሆናል፤ 2ኛ ጢሞቴዎስ 4፥13ን እዩት፣ አምጣልኝ ያለው ራሱ ነው። የእኛ ሰው ሲጠየቅ ምን አለ? ሽሮ፣ በርበሬና የእጅ ባትሪ። ለቀረው ቴሌብር አለ።

ፎቶ መለጠፍ

አደራ፣ ሳታስፈቅዱ የአዲስ አማኞችን ፊት ፌስቡክ ላይ አታውጡ። እኛ ላይክ እንቆጥራለን፤ እነሱ ከቤተሰባቸው ጋር ጣጣ ውስጥ ይገባሉ።

ሲመጡ ማሯሯጥ

አምና ለእረፍት ሲመጡ በአንድ እሑድ ሦስት ቦታ አቆምነው። «ምስክርነት ስጥ» እያልን ማይክ አስጨበጥነው። ማታ እቴቴ ቤት ስንደርስ ልጆቹ ጫማቸውን ሳያወልቁ ምንጣፉ ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው። እሱም ጉርሻውን ይዞ ያንጎላጅ ነበር።

ዘንድሮ ጥር ላይ ይመጣሉ። እቴቴ ዶሮ ሠርተው ይጠብቋቸዋል፤ ማይኩን ደብቀነዋል።