ካቡኪ (የጃፓን ባህላዊ ትያትር) ልታዩ ስትሄዱ ምሳችሁን ይዛችሁ ግቡ

ቶኪዮ፣ ጊንዛ ያለው ካቡኪዛ ትያትር ቤት ከገባችሁ በእረፍት ሰዓት ምግብ ፍለጋ አትውጡ። ትዕይንቱ ከነእረፍቱ 4 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ረጅሙ እረፍት ግን ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። ወረፋ ላይ ያልቅባችኋል።

ይልቅ ቀድማችሁ፣ ከትያትር ቤቱ ስር ከሂጋሺ ጊንዛ ባቡር ጣቢያ ጋር በተያያዘው ገበያ ቤንቶ፣ ማለትም በሣጥን የተዘጋጀ ምሳ፣ ግዙ። "ማኩኖኡቺ" የሚባለው ይሻላል። ስሙ ራሱ ከመጋረጃ ጋር የተያያዘ ነው፤ በትዕይንቶች መሃል የሚበላ እንደማለት። ጥቁር ሰሊጥ ጣል የተደረገበት ነጭ ሩዝ፣ የተጠበሰ ዓሣ፣ ጥቅልል እንቁላል፣ ሁሉም በየክፍሉ። ቀዝቅዞ እንዲበላ ታስቦ ስለሚሠራ ማሞቅ አይፈልግም፤ መረቅ ስለሌለው ልብስ ላይ አይፈስም። እዚያው ወንበራችሁ ላይ ትበሉታላችሁ። ደስ ሲል!

መጋረጃው ሲከፈት ግን ክዳኑን ግጥም አድርጉት። ሌላ ትያትር ቤት ከሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ወንበር ላይ መብላት የማይፈቅዱ አሉ።