በሐምሌ ጅቡቲ፦ የባሕር ዳር የሆቴል ክፍል ሲያስቸግር

አዲስ አበባ ላይ ክረምቱ ገብቶ ጋቢ በሚለበስበት ሰሞን ጅቡቲ ከተማ የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይወጣል። ከበረሃው የሚነፍሰው ካምሲን የተባለ ደረቅ ነፋስ አቧራ ያመጣል፤ እርሱ ጋብ ሲል ደግሞ የባሕሩ እርጥበት ይተካል። እንግዳ ሆቴሉን የሚወቅስባቸው አብዛኞቹ ችግሮች ከእነዚህ የሚመነጩ ስለሆኑ፣ ክፍል ቀይሩልኝ ብሎ ከመከራከር በፊት ምክንያቱን መለየት ይበጃል።

ኤሲው ይሠራል፣ ክፍሉ ግን አይቀዘቅዝም

አስቀድመው ሪሞቱን ይመልከቱ፤ በበረዶ ምልክት ፈንታ የማራገቢያ ምልክት ከታየ መሣሪያው ያንኑ ትኩስ አየር እያዘዋወረ ነው። ቁጥሩን 16 ላይ ማውረድም ብዙ አይረዳም፤ ቁጥሩ ማሽኑ መቼ እንደሚያርፍ ይወስናል፣ በዚህ ሙቀት ደግሞ 16 ላይ ደርሶ የሚያርፍ ኤሲ አይገኝም። 24 ወይም 25 ላይ አድርገው የበረንዳውን በር ይዝጉ፤ መስኮቱ ወደ ምዕራብ የሚያይ ከሆነ ፀሐይ እስክትዞር ሳይጠብቁ መጋረጃውን ከጠዋት ጀምሮ ይጋርዱ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ የሚወጣው አየር ደካማ ከሆነ ማጣሪያው በአቧራ መደፈኑን ይጠርጥሩ። አየር እንደልብ ሳያልፍ ሲቀር የውስጡ ቱቦ በረዶ ይይዛል፤ በረዶው ሲቀልጥም ውሃው በግድግዳው ላይ ይወርዳል። በዚህ ጊዜ ማቀዝቀዣውን አጥፍተው በረዶው እስኪቀልጥ ማራገቢያውን ብቻ ያሠሩ፤ ከዚያም ማጣሪያው እንዲታጠብ ይጠይቁ። በረዶ ሳይኖር የሚንጠባጠብ ከሆነ የተዘጋው የውሃ ማስወገጃው ሊሆን ስለሚችል ለጥገና ሠራተኛ ይተዉት። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ኤሲውንም ያሠራ እንደሆነ ግን ክፍያ ከመፈጸምዎ በፊት ይጠይቁ፤ አምፖል ብቻ የሚያበራ ጄኔሬተር በሐምሌ ሌሊት አያስተኛም።

ከቀዝቃዛው ቧንቧ ትኩስ ውሃ ይወርዳል

ጣሪያ ላይ የተሰቀለው ሮቶ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው ስለሚውል ነው። የውሃ ማሞቂያው መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ከሆነ በጠዋት ያጥፉት፤ በውስጡ ያለው ውሃ በክፍሉ ቅዝቃዜ ስለሚበርድ ማታ በሙቁ ቧንቧ ይታጠባሉ። ነገሩ የተገላቢጦሽ ይመስላል፤ በባሕረ ሰላጤው አገሮች የኖሩ ወገኖቻችን ግን በሚገባ ያውቁታል። ማሞቂያው በጣሪያ ላይ ከሆነ በባልዲ ቀድቶ ክፍል ውስጥ ማሳደር ነው።

ባሕሩም አያበርድም

የውሃው ሙቀት ራሱ 30 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ መዋኘት ከፈለጉ ሊነጋጋ ሲል ይውረዱ።

ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና የጡንቻ መሸማቀቅ

ሰውነት ይህን ሙቀት ለመልመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈጅበታል፤ ላብ ደግሞ ውሃና ጨው ይዞ ይወጣል። ወደ ቀዘቀዘ ክፍል ገብተው ይረፉ፤ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በጥብጠው ቀስ በቀስ ይጠጡ። እርሱ ካልተገኘ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ሳይቆለል፣ ይበቃል። ሰውየው ከተቀባዠረ፣ ራሱን ከሳተ ወይም ገላው እንደ እሳት ከጋለ ግን የሙቀት ምት ነው፤ ገላውን በቀዝቃዛ ውሃ እያራሱና እያራገቡ ወዲያውኑ ሐኪም ቤት ያድርሱት፤ ራሱን ለሳተ ሰው የሚጠጣ ነገር አይስጡ።