ሬዲዮው ሳይሆን መሰኪያው ሲታመም

የአማተር ሬዲዮዎን (መልእክት የሚያሰራጩበትንም የሚያዳምጡበትንም) ሽፋን ለመፍታት ብሎን ከመንካትዎ በፊት መሰኪያዎቹን አንድ በአንድ ነቅነቅ ያድርጓቸው። ሰርኪዩት ስመረምር አንድ ሙሉ ቀን የፈጀሁበት ብልሽት በመጨረሻ የተገኘው ከሳጥኑ ውጭ፣ አውራ ጣት በሚያህል የኃይል ገመድ መሰኪያ ውስጥ ነበር።

ምልክት፦ ሲያዳምጡ ደህና ነው፤ ማሰራጨት ሲጀምሩ ሬዲዮው ይጠፋል

ተጠርጣሪው የኃይል መስመሩ ነው። ባለ 100 ዋት ሬዲዮ ሲያዳምጥ የሚወስደው ከ1 እስከ 2 አምፒር ነው፤ ሲያሰራጭ ግን ወደ 20 ይጠጋል። በመሰኪያው ላይ 0.1 ኦም ብቻ ቢኖር 2 ቮልት እዚያው ይቀራል፤ 13.8 ቮልት የላኩለት ሬዲዮ 11.8 ይደርሰዋል። መሰኪያው ደግሞ 40 ዋት ሙቀት ተሸክሞ ይቀልጣል።

የኤሌክትሪክ መለኪያው (መልቲሜትሩ) መስመሩ አለመቋረጡን ሲፈትሹበት «ጢጥ» ስላለ መሰኪያውን ነጻ አያውጡት። መለኪያው የሚልከው ጅረት ኢምንት ነው፤ አንዲት ቀጭን የሽቦ ክር ብቻ ሳትበጠስ ብትቀር እንኳ ይጮኻል። ቮልቱን በሥራ ላይ ይለኩ፦ በአንቴናው ፋንታ ኃይሉን የሚችል የ50 ኦም መሞከሪያ ጭነት (ኃይሉን ወደ ሙቀት የሚለውጥ የአንቴና ምትክ) ያገናኙ፣ የመልቲሜትሩን ሁለት መንኪያዎች በአንዱ ሽቦ ላይ ከመሰኪያው ወዲህና ወዲያ ያድርጉና ያሰራጩ። ከ0.1 ቮልት በላይ ካሳየ ጥፋተኛው ተገኝቷል። አሉታዊውን ሽቦና የፊውዝ መያዣውንም አይዝለሉ።

ፕላስቲኩ የቡናማ ቀለም ከያዘ ማጽዳት ከንቱ ድካም ነው፤ ይቀይሩት። አዲሱ በብሎን የሚጠብቅ ከሆነ የሽቦውን ጫፍ በቀለጠ ሊድ (በመበየጃው ብረት) አይንከሩ። ሊድ ለስላሳ ስለሆነ በብሎኑ ግፊት ቀስ በቀስ ይሸሻል፤ ከወራት በኋላም መሰኪያው ላልቶ ያገኙታል።

ምልክት፦ ንፋስ ሲነፍስ ድምፁ ይንኮሻኮሻል፤ የተመላሽ ሞገድ መለኪያው (ከአንቴናው የሚመለሰውን የሚያሳየው) ይዘላል

ይህ የአንቴናው ማገናኛ ነው። ፒኤል-259 በተባለው የአንቴና ገመድ ማገናኛ ቀለበቱን ማጥበቅ ብቻ አይበቃም፤ የማገናኛው ጥርሶች በሶኬቱ ጠርዝ ላይ ያሉት ጎድጓዶች ውስጥ መግባት አለባቸው። ስለዚህ ሲያጠብቁ አካሉን በትንሹ እያወዛወዙ ይሁን። ጸንቶ ከገባ በኋላም ችግሩ ካለ ብየዳውን ይዩ፤ ግራጫና ሸካራ ከሆነ በቅጡ አልያዘም። ትንሽ የመበየጃ ካውያ እዚህ አይረዳም። የማገናኛው አካል ሙቀቱን ስለሚመጠው የገመዱ ውጫዊ የሽቦ ጥልፍ ሳይበየድ የገመዱ ፕላስቲክ ይቀልጣል። ትልቅና በደንብ የጋለ ካውያ ይዘው ቶሎ ይጨርሱ። ውጭ ያለው ማገናኛ ውስጥ ጥልፉ ጠቁሮ ከተገኘ ውኃ ገብቷል፤ የሚያብረቀርቅ መዳብ እስኪታይ ገመዱን ይቁረጡ፣ ከሠሩት በኋላም በራሱ ላይ በሚጣበቅ የጎማ ፕላስተር ይጠቅልሉት። እያሰራጩ ማገናኛ አይንኩ፤ ሞገዱ ጣት ያቃጥላል።

ምልክት፦ ማይክ ወይም ጆሮ ማዳመጫ ይቆራረጣል

ሬዲዮውን አጥፍተው መሰኪያውን በአልኮል ያርሱ፣ አስር ጊዜ ያህል ያስገቡና ያውጡ። ብርጭቆ ወረቀት የብረቱን ልባስ ስለሚልጥ አይጠቀሙ። ገመዱን ከመሰኪያው ሥር ሲያጥፉት ብቻ የሚቆራረጥ ከሆነ ሽቦው ውስጥ ለውስጥ ተበጥሷል፤ ጥቂት ሴንቲሜትር ቆርጠው እንደገና ይበይዱ።